ሦስት ነጥብ የጎደለው ልጅ፦ ጃክ ኪልቢና በእጅ የሚያዘው ካልኩሌተር

ባለፈው ዓመት በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ስለ ካልኩሌተር ጠየቁን። እሳቸው ሱቅ አላቸው፤ ብርና ሽልንግ ሲያሰሉ የሚውሉት በካልኩሌተር ነው። ልጃቸው ግን ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ መጀመሪያ እጁን ወደ ቦርሳው እንደሚሰድ ነገሩን። ትምህርት ቤቱ ይህን ዕቃ ይከለክላል ወይስ ይፈቅዳል? የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ያን ቀን የሰጠናቸው መልስ ግማሽ መልስ ነበር፤ ሰዓቱም ሄዶ ስለነበር ስብሰባው ተበተነ። ለዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን ምን እንጻፍ ብለን ስናስብ ያ ጥያቄ ትዝ አለን።

እውነቱን ለመናገር፣ በሞያሌ ካልኩሌተር የሒሳብ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን አስተርጓሚም ነው። ከማዶ የመጣው ገዢ አማርኛ ይናገራል፣ ሻጯ ኦሮምኛ ትናገራለች፣ ከጎኗ ያለው ባለሱቅ ደግሞ ሶማሊኛና ስዋሂሊ ይቀናዋል። ዋጋው ካልኩሌተሩ ላይ ይጻፍና ወደ ገዢው ይዞራል፤ ገዢው ያጠፋውና የራሱን ዋጋ ጽፎ ይመልሳል። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ተስማምተው ሲለያዩ ስንት ጊዜ አይተናል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ክፉ ነው ብሎ መናገር በዚህ ከተማ አያምርም።

በዚያው ሰሞን አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሻይ የፈሰሰበትን ካልኩሌተር ይዞ ቢሮ መጣ። ገበያ ላሉት ጠጋኞች አሳይቶት ነበር፤ የሞተ ሬዲዮና የረጠበ ስልክ የሚያስነሱት ባለሙያዎች ይህንን ግን ከፍተው አዩትና መልሰው ሰጡት። እኛም በትንሽ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታንና ከክፍሉ ልጆች ጋር ውስጡን አየን። በመጀመሪያ ጉብጉብ ያለ የጎማ ምንጣፍ ወጣ፤ እያንዳንዱ ጉብታ ከአንድ ቁልፍ ሥር የሚቀመጥ ነው። ከሥሩ እንደ ካርቶን የሳሳ ቦርድ አለ፤ በላዩ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦችና ቀጫጭን መስመሮች ታትመውበታል። በመካከሉ አንድ የሬንጅ ጠብታ የመሰለ ጥቁር እብጠት አለ። ሌላ ምንም የለም። ልጆቹ ማሽኑ የታለ ብለው ጠየቁ። ማሽኑ ያ ጠብታ ነበር።

ያ ጠብታ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለማስረዳት ከአንድ ሰው ሕይወት መነሣት ይቀላል። ሰውዬው ጃክ ኪልቢ ይባላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ጃክ ኪልቢ በኅዳር 8 ቀን 1923 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ጄፈርሰን ሲቲ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን በካንሳስ፣ ግሬት ቤንድ በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። አባቱ በሰፊውና ሰው በተበታተነበት የካንሳስ ምዕራብ ገጠር የኤሌክትሪክ መብራት የሚያከፋፍል ትንሽ ኩባንያ ያስተዳድር ነበር። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከባድ የበረዶ ማዕበል መጣና የመብራቱንና የስልኩን ምሰሶዎች አብዛኛውን ጣላቸው። የአባቱ ደንበኞች በየመንደሩ በጨለማ ቀሩ፤ ደውለው ችግራቸውን መናገርም አልቻሉም። አባትየው በየቤታቸው የመገናኛ ሬዲዮ ያላቸውን ሰዎች አስተባብሮ በነሱ አማካይነት ከደንበኞቹ ጋር ተገናኘ። ጃክ ኤሌክትሮኒክስ የሚባለው ነገር ለሰው ምን እንደሚያደርግ ያየው ያኔ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ የራሱን የመገናኛ ሬዲዮ ፈቃድ አወጣ። ከማርሳቢት ወዲህ ያለውን አገር የሚያውቅ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ከተማው ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።

ልጁ መሐንዲስ መሆን ፈለገ። የመረጠው ትምህርት ቤትም ታላቁን የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። በ1941 የመግቢያ ፈተናውን ወሰደ። ለማለፍ 500 ነጥብ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ 497 አመጣ። በሦስት ነጥብ ቀረ ማለት ነው። ለሌላ ትምህርት ቤት በጊዜ አላመለከተም ነበርና ወላጆቹ ወደተማሩበት ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ማለት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም በየዓመቱ የፈተና ውጤት በሚነገርበት ቀን ከቢሮአችን በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ አናጣም። ኪልቢ በኋላ ትልቅ ሰው ስለሆነ ያ ውድቀት አላመመውም ብለን አንዋሽም። አሞታል፤ ሸምግሎም ቁጥሩን አልረሳውም ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ቢኖር የተከፈተለት በር ውስጥ ገብቶ መማር ነው። እሱንም ወዲያው አላገኘውም። ዩኒቨርሲቲ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ አገሩ ጦርነት ውስጥ ገባችና ወታደር ሆነ። የተላከውም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ነው፤ በአንድ የሻይ እርሻ ላይ በሰፈረ የጦር ጣቢያ ሬዲዮ ሲጠግን ከረመ። መለዋወጫ በማይገኝበት ቦታ የተበላሸን ነገር ማስነሣት እዚያ ተማረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ተመልሶ በ1947 የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዲግሪውን ያዘ።

የመጀመሪያ ሥራው ሚልዎኪ በምትባል ከተማ፣ ሴንትራላብ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ነበር። ኩባንያው ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥንና ለመስሚያ መሣሪያ የሚሆኑ ዕቃዎች ይሠራ ነበር። የሥራው ዘዴ ቲሸርት ላይ ጽሑፍ እንደሚታተመው ነው፦ በሸክላ ሰሌዳ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም በወንፊት ጨርቅ እየተጫነ መስመር ይታተማል፤ ካርቦን ያለበት ጥቁር ቀለም ደግሞ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ተከላካይ ይሆናል። ከተማሪያችን ካልኩሌተር ቦርድ ላይ ያየናቸው ጥቋቁር ነጠብጣቦችም የካርቦን ቀለም ሕትመት ናቸው። ከላይ ያለው ጎማ ሲጫን በውስጡ ያለው ጥቁር ነጥብ በሁለት የካርቦን መስመሮች ላይ ያርፍና ያገናኛቸዋል፤ ቁልፍ ማለት ይኸው ነው። ወርቅ አይዝግም፣ አይቆሽሽም ብሎ ብዙ ገንዘብ ከማውጣት ካርቦኑን ማተም ይረክሳል። አቧራና ሻይ ግን ይጎዳዋል። ኪልቢ ከሥራው ጎን በማታ እየተማረ በ1950 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ወሰደ። በሴንትራላብ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ሲሠራ አንድ ዕቃ በርካሽ ዋጋ፣ በብዛት፣ ሳይበላሽ እንዲወጣ ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በእጁ አወቀ። በእኛ አስተያየት ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ለካልኩሌተሩ ያዘጋጀው ይህ ነው።

በ1958 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዳላስ ተዛወረና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በተባለው ኩባንያ ተቀጠረ። በዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ሰዎችን ሁሉ የሚያስጨንቅ አንድ ችግር ነበር። ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ትንሽ ነው፣ አይግልም፣ አይሰበርም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ማሽን ለመሥራት በሺህ የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮችና ሌሎች ቁራጮች አንድ በአንድ በእጅ መበየድ ነበረባቸው። አሥር ሺህ ብየዳ ካለ ከመካከላቸው አንዱ ክፉ ከሆነ ማሽኑ አይሠራም። ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሚበየድበት ጊዜም፣ የሚሳሳትበት ቦታም ይጨምራል።

በሐምሌ ወር የኩባንያው ሠራተኞች አብዛኞቹ ለሁለት ሳምንት እረፍት ወጡ። ኪልቢ አዲስ ስለሆነ እረፍት አላጠራቀመም፤ ባዶ በሆነው ላቦራቶሪ ብቻውን ቀረ። በእነዚያ ቀናት ያሰበው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ትራንዚስተር የሚሠራው ከሴሚኮንዳክተር ነው። ተከላካዩንና ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ካፓሲተርም ከዚያው ከሴሚኮንዳክተር መሥራት ይቻላል፤ ተከላካዩ በሌላ ቁስ ቢሠራ ዋጋው ስለሚረክስ ማንም አልሞከረውም እንጂ። ሁሉም ከአንድ ቁስ ከተሠሩ ግን በአንድ ቁራጭ ላይ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፤ አብረው ከተሠሩ ደግሞ የሚበየደው ብዛት ይቀንሳል። ሐሳቡን በሐምሌ 24 ቀን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። በመስከረም 12 ቀን 1958 አለቆቹን ጠርቶ ከመስታወት ላይ የተለጠፈች አንዲት የጀርማኒየም ስንጣሪ አሳያቸው። ርዝመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከላይዋ ላይ ጥቃቅን ሽቦዎች ተንጨፍርረዋል፤ ለዓይን አታምርም። መብራቱን ሲያበራው በኦሲሎስኮፑ ላይ የሞገድ መስመር ታየ። የተቀናጀ ሰርኪዩት፣ ዛሬ ቺፕ የምንለው ነገር፣ ሠራ ማለት ነው።

ለእውነት ስንል መጨመር ያለብን አለ። በጥቂት ወራት ልዩነት በ1959 ሮበርት ኖይስ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ፌርቻይልድ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የተንጨፈረሩትን ሽቦዎች የሚያስቀር የተሻለ መንገድ አገኘ፤ በሲሊኮን ላይ መስመሮቹን ራሳቸውን አብሮ ማተም። ሁለቱ ኩባንያዎች ለዓመታት ተካሰሱ። ሁለቱ ሰዎች ግን አንዱ ሌላውን አላንቋሸሸም፤ ኪልቢ የኖይስን ስም ሳያነሳ ስለ ቺፕ መናገር አይወድም ነበር።

አሁን ወደ ካልኩሌተሩ እንምጣ። ቺፕ ከተገኘ በኋላ ለዓመታት ዋናዎቹ ገዢዎች የጦር መሣሪያና የጠፈር ሥራ ነበሩ። ተራው ሰው ምን እንደሚያደርግለት አያውቅም። የኩባንያው መሪ ፓትሪክ ሃገርቲ ይህ አሳሰበው። ከዚህ ቀደም በ1954 ትራንዚስተርን ለሕዝብ ያስተዋወቀው በኪስ የምትያዝ ሬዲዮ እንድትሠራ በማድረግ ነበር፤ የእረኛም የነጋዴም ጓደኛ ሆና የኖረችው የትራንዚስተር ሬዲዮ ዘር ከዚያ ይመዘዛል። በ1965 ለቺፕም እንዲሁ ያለ ዕቃ ፈለገና ለኪልቢ በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ የሒሳብ ማሽን እንዲሠራ ነገረው።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል ድፍረት እንደነበረበት ለመረዳት የዘመኑን ማሽኖች ማየት ነው። የጃፓኑ ሻርፕ በ1964 ያወጣው የኤሌክትሮኒክስ ካልኩሌተር 25 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 535,000 የን፣ ማለትም በዚያን ጊዜ የአንድ መኪና ዋጋ ነበር። በውስጡ ከ500 በላይ ትራንዚስተሮችና ከ2,000 በላይ ዳዮዶች ነበሩ። ጠረጴዛ ይሞላል፤ መብራትም ከግድግዳ ይፈልጋል። ይህን ነው ወደ መዳፍ አውርድ የተባለው።

ኪልቢ ሥራውን ብቻውን አልሠራውም፤ በፈጠራ መብቱ ላይ የተጻፉት ስሞችም ሦስት ናቸው። ጄሪ ሜሪማን የሒሳቡን ሰርኪዩት ነደፈ። ሜሪማን በልጅነቱ በመንደሩ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ግን ዲግሪ ሳይዝ የወጣ ሰው ነው፤ ነገሩን እያየ የሚገባው ዓይነት። ጄምስ ቫን ታሰል በተለይ በቁልፎቹ በኩል ሠራ። ኪልቢ መሪያቸው ነበር፤ ውጤቱ እንዴት ይታይ የሚለውን ከባድ ጥያቄም እሱ ያዘው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ አንድ በአንድ የመተው ሥራ ነው። ስለ ሕይወቱ ካነበብነው ውስጥ ደጋግመን የምናስበውም ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ፍጥነትን ተዉ። ትልልቆቹ ማሽኖች ብዙ አሃዞችን በአንድ ጊዜ መደመር ይችሉ ነበር፤ ለዚያ ግን ለእያንዳንዱ አሃዝ የራሱ መደመሪያ ሰርኪዩት ያስፈልጋል። እነሱ አንድ መደመሪያ ብቻ አደረጉና አሃዞቹ ልጆች በወረቀት እንደሚደምሩት ተራ በተራ በእሱ ውስጥ እንዲያልፉ አደረጉ። ማባዛትም ለብቻው ሰርኪዩት አልተሠራለትም፤ ማባዛት ደጋግሞ መደመር ነው፣ ማካፈልም ደጋግሞ መቀነስ። 24ን በ13 ለማባዛት ማሽኑ 24ን ሦስት ጊዜ ይደምርና 72 ያገኛል፤ ከዚያ አንድ ቤት ወደ ግራ ይገፋና 240 ይጨምርበታል፤ 312። ሰው ይህን ሲያደርግ ይሰለቻል፤ ማሽን ግን አይሰለችም፤ የሚዘገየውም ለዓይን በማይታወቅ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አገራችን የገበያ ሒሳብ ብንናገር ደስ ይለናል። አባቶቻችን ማባዛትን የሚሠሩት በማጠፍና በማጋመስ ነበር፤ በአንዳንድ የውጭ የሒሳብ መጻሕፍትም የኢትዮጵያውያን ማባዣ ተብሎ ይጠራል። 13ን እያጋመሱ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይላሉ፤ ግማሽ ቢተርፍ ይጣላል። በትይዩ 24ን እያጠፉ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይላሉ። ከግራ ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም 6 ያለበት መስመር፣ ከነጓደኛው 48 ይሰረዛል። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ። የማባዣ ሠንጠረዥ ሳያጠኑ፣ ማጠፍና መደመር ብቻ ለሚችል ሰው የተበጀ መንገድ ነው። የኪልቢ ቡድን መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ግን ሁለቱም የተነሡት በእጅ ያለው ትንሽ ነገር ይበቃል ወይ ከሚል ጥያቄ ነው። ልጆች ቤት ሄዳችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ።

ቀጥሎ የሚያበራ ሰሌዳን ተዉ። የዘመኑ ማሽኖች ቁጥር የሚያሳዩት በውስጣቸው ሽቦ በሚንቦገቦግ የመስታወት ቱቦ ነበር፤ ቱቦው ከመቶ ቮልት በላይ ይፈልጋል፣ ይሰበራል፣ ባትሪም ይጨርሳል። ቀይ ብርሃን የሚሰጡት ዳዮዶች ገና ውድና ደብዛዛ ነበሩ። ኪልቢ ሰሌዳውን ትቶ ወረቀት መረጠ። ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ጠባብ የወረቀት ጥቅል ከማሽኑ ጎን ይወጣል፤ ትንንሽ የሴሚኮንዳክተር ነጥቦች በመብራት እየሞቁ አሃዙን ይጽፉበታል። ቀለም የለውም፣ መዶሻ የለውም፣ ድምፅም የለውም። ለካልኩሌተር ሲባል የተገኘው ይህ ዘዴ ከካልኩሌተር አልፎ ሄዷል፦ ከሱፐርማርኬት የምንቀበለው ደረሰኝ የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆይ የሚያስቸግረውም በሙቀት የሚሠራ ወረቀት ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ነገር የቺፖቹ ጉዳይ ነው። የዚያን ጊዜ ቺፕ ጥቂት ክፍሎችን ብቻ ይይዝ ነበር፤ በተራ ቺፕ ቢሠራ ቦርዱ አሁንም መዳፍ ላይ አይበቃም። ስለዚህ ሰርኪዩቶቹን በጥቂት ትልልቅ የሲሊኮን ዝርጎች ላይ አንድ ላይ ሰበሰቧቸው። ሲሊኮን ግን ሲመረት እንከን አያጣም፤ በአንድ ዝርግ ላይ ካሉት ውስጥ የተወሰኑት ሞተው ይወጣሉ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ የነበረው መላ ዝርጉን አለመጣል ነበር፦ እያንዳንዱን ክፍል ፈትኖ የሞቱትን እየዘለሉ ደኅናዎቹን ብቻ ማገናኘት። ለእያንዳንዱ ዝርግ የተለየ የመስመር ንድፍ ማውጣት ነበረበት ማለት ነው፤ አድካሚ ነው፣ ውድም ነው፤ ለናሙና ግን አደረሳቸው።

ማሽኑ ተሠርቶ የፈጠራ መብቱ ማመልከቻ በመስከረም 29 ቀን 1967 ገባ። ከአሉሚኒየም የተሠራ ጥቁር ዕቃ ነው፤ 11 በ15 ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ አራት ተኩል ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 1.3 ኪሎ። ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ያባዛል፣ ያካፍላል፤ እስከ 12 አሃዝ ያለውን መልስ በወረቀት ላይ ያወጣል። ከ25 ኪሎ ወደ 1.3። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው በ1974 ነው።

ናሙናው ራሱ ለገበያ አልቀረበም። ከእሱ የተወለደውን ማሽን በ1970 ለሽያጭ ያወጣው የጃፓኑ ካነን ነው፤ ቺፖቹ ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበሩ፤ ውጤቱም በወረቀት ነበር የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ቺፖቹ አንድ ቺፕ ሆኑ፤ በ1972 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ራሱ ባለ ቀይ መብራቱን ካልኩሌተር ከ150 ዶላር በታች ሸጠ፤ በ1973 ሻርፕ መብራት የማያበራውን፣ ጥላ ብቻ የሚያሳየውን የፈሳሽ ክሪስታል ሰሌዳ አመጣ። ጥላ ማሳየት ብርሃን ከመስጠት እጅግ ያነሰ ኃይል ስለሚፈልግ ባትሪው ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በኋላም ያቺ ጠባብ የፀሐይ ብርሃን መስታወት በቃችው። በእኛ የተማሪነት ዘመን ሎጋሪዝም የሚፈለገው ከሠንጠረዥ መጽሐፍ ነበር፤ በጣት መስመሩን እየተከተሉ። መጽሐፉ አሁንም በመደርደሪያው ላይ አለ፤ አቧራውን የሚያራግፍለት ግን የለም።

ወደ ሻይ የፈሰሰበት ቦርድ እንመለስ። ልጆቹ አርባ ሁለት ቁልፍ ካለ አርባ ሁለት ሽቦ ለምን አይታይም ብለው ጠይቀው ነበር፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁልፎቹ ሰባት ረድፍ በስድስት ዓምድ ይደረደራሉ፤ ቺፑ ረድፎቹን አንድ በአንድ እየነካ የትኛው ዓምድ መለሰ ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ከሆነ አሥራ ሦስት መስመር ብቻ ይበቃል። ጥቁሩ ጠብታ ደግሞ እርቃኑን በቦርዱ ላይ የተለጠፈ ቺፕ ነው፤ ከፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች ከመስመሮቹ ጋር ይገናኝና ማጣበቂያ ይፈስበታል። ለቺፑ ልብስ አልተሰፋለትም፤ እግርም አልተሠራለትም። ዋጋው ወርዶ ለተማሪ የደረሰው በዚህ ነው። የኛ ከተማ ጠጋኞች ሊያስነሡት ያልቻሉትም በዚሁ ነው፤ ጠብታውን ከነኩት ሽቦዎቹ ይበጠሳሉ፤ ሊፈቱት የሚችሉት እግር የለውም። አንዱ ውሳኔ ሁለቱንም አመጣ። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው አንዷ ልጅ ታዲያ ማን ይጠቀማል ብላ ጠየቀች። እኛም ለመመለስ ጊዜ ወሰደብን፤ ዕቃው ሲገዛ የልጁ ቤተሰብ ይጠቀማል፣ ሲበላሽ ግን ጠጋኙ ሥራ ያጣል፣ ቤተሰቡም እንደገና ይገዛል አልናት። አልረካችም።

ኪልቢ ራሱ ቁመተ ረጅም ሰው ነበር፤ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ዝምተኛ ነበር፤ ሲናገርም ቀስ ብሎ ነው። በ1970 ከኩባንያው ፈቃድ ወስዶ በግሉ መሥራት ጀመረ፤ ከ1978 እስከ 1984 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ አገለገለ። ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ ለማግኘትም ብዙ ደከመ፤ ያ ሥራው ለገበያ አልበቃም። ከ60 በላይ የፈጠራ መብቶች በስሙ አሉ። የሚገርመው፣ እሱ ሒሳብ መሥራት ሲፈልግ ደጋግሞ የሚያነሣው በተማሪነቱ የለመደውን ስላይድ ሩል ነበር፤ ሁለት ማስመሪያዎች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ የሚያሰሉበት የእንጨት መሣሪያ ነው። ስላይድ ሩል የነጥቡን ቦታ አይነግርህም፤ መልሱ 3.12 ይሁን 312 አንተ ነህ የምታውቀው። ስለዚህ የሚሠራበት ሰው መልሱን አስቀድሞ በግምት መያዝ ግዴታው ነው።

የእናትየውን ጥያቄ ግማሽ ያልመለስነውን እዚህ ላይ እንመልስ። ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረን የወሰንነው ይህ ነው፦ በታችኛዎቹ ክፍሎች ካልኩሌተር ወደ ክፍል አይገባም። በላይኛዎቹ ይገባል፤ የሁለተኛ ደረጃው ብሔራዊ ፈተናም ድምፅ የሌለውንና ፕሮግራም የማይደረገውን ዓይነት ይፈቅዳል፤ ልጆቻችን ሳይለምዱት ፈተና ላይ ቢደርሱ በደል ይሆንባቸዋል። ነገር ግን ቁልፍ ከመነካቱ በፊት ግምቱ በእርሳስ በወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፋል። ግምት ያልተጻፈበት መልስ ትክክል ቢሆንም ሙሉ ነጥብ አያገኝም። አንዳንድ ወላጆች ይህ ከባድ ነው ብለውናል፤ አንድ ዓመት ሠርተን አይተን እንነጋገርበታለን።

በ2000 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ኮሚቴ ለጃክ ኪልቢ የፊዚክስ ሽልማትን ሰጠው፤ ከሩሲያው ዦሬስ አልፌሮቭና ከሄርበርት ክሮመር ጋር ተካፈለ። ዕድሜው 77 ገብቶ ነበር። ሮበርት ኖይስ በ1990 ስለሞተ ሽልማቱን መካፈል አልቻለም፤ ሽልማቱ ለሞተ ሰው አይሰጥምና። ኪልቢ በንግግሩ ላይ ስሙን አንሥቶታል። በሰኔ 20 ቀን 2005 በዳላስ፣ በ81 ዓመቱ በካንሰር ሕመም ዐረፈ። ከአሉሚኒየም የተሠራው የመጀመሪያው ካልኩሌተር በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል።

የኛው ቦርድ ደግሞ በሳይንስ ክፍሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ልጆቹ ጎማውን፣ ቦርዱንና ሰሌዳውን ለየብቻ በካርቶን ላይ ለጥፈው ስማቸውን በአማርኛ ጽፈውበታል፤ ከጥቁሩ ጠብታ ሥር ግን የጻፉት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ማየት የሚፈልግ ወላጅ ካለ ቁልፉ ቢሮ አለ።